አክተሩ ጭንብሉን ያወለቀ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ማርታ ላፕቶፕ ከፍታ ፊልም ስታይ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና አርም ነበር። ፊልሙ ካባ ለብሰው ሰማይ ላይ የሚበሩ፣ የሚወድቅ ሕንፃ በትከሻቸው ደግፈው የሚያቆሙ ጀግኖች ያሉበት ዓይነት ነው። ከተማው ይነድዳል፤ ጀግናው ፊቱን እንደሸፈነ ሕዝቡ መሀል ቆሟል። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ "ማነህ አንተ?" ስትለው ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቀና አልኩ።

"አሁን ሊያወልቀው ነው" አልኳት ለልጄ።

"አያወልቅም እማዬ። ይሄ ፊልም እኮ የራሱ ሕግ አለው። ጭንብል ሰው ፊት አይወልቅም።"

እውነቷን ነበር፤ አላወለቀም። በርሮ ሄደ። እኔ ግን ወደ እርማቴ መመለስ አቃተኝ። ማርታ ያልሰማችው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ጭንብሉን ያወለቀ አንድ ጀግና አውቃለሁ። እሱን ለሞጣ ሰው በአፌ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ብቸና ላይ ፊልም ማለት የእትዬ ዘውዲቱ ቪዲዮ ቤት ነው። እትዬ ዘውዲቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሻይ ቤታቸው ጀርባ ያለውን የጭቃ ቤት አስረዝመው፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደርድረው፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ ጋርደው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የካሴት ማጫወቻ ዴክ አስገቡበት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ሰዉ ሁሉ እዚያ ይገባል። ውስጡ የረጠበ ጋቢ፣ የተቀቀለ ድንችና የአዋዜ ሽታ ነበረው። ድንቹን የሚሸጡት ራሳቸው እትዬ ዘውዲቱ ናቸው፤ ፊልሙ ቢበላሽ እንኳ ሰው በድንቹ ይጽናናል ይሉ ነበር።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማይክ ይዞ የሚተረጉም ሰው ያስፈልጋል። ተርጓሚው ጌታሁን የሚባል ጎረምሳ ነበር። ጌታሁን እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ቅር አይለውም። ምክንያቱም ፊልሞቹ ሕግ ነበራቸው። በተለይ የሚበሩት ሰዎች ፊልም። አክተሩ የምንለው ጀግና መጀመሪያ ምስኪን ነው፤ ከዚያ ኃይል ያገኛል፤ ከዚያ ጭንብል ያጠልቃል። የሚወዳት ሴት ድምፁን በየቀኑ እየሰማች ማን እንደሆነ አታውቀውም። ቦሱ፣ ማለት የክፉዎቹ አለቃ፣ አክተሩን ሲይዘው ወዲያው እንደመግደል እግሩን አጣምሮ ዕቅዱን አንድ በአንድ ይነግረዋል። አክተሩ ይወድቃል፤ ሰው "አለቀለት" ሲል ይነሣል። አክተር አይፈራም፣ አያለቅስም፣ አይሞትም። ይህን ያወቀ ሰው ቋንቋውን ባያውቅም ይተረጉማል፤ ጌታሁንም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ጌታሁን ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ሄደ። በሳምንቱ እትዬ ዘውዲቱ ወፍጮ ቤት አገኙኝ። ዱቄት በለበሰ ፊታቸው አዩኝ አዩኝና፣

"ጥሩዬ፣ በእንግሊዝኛ ከወንዶቹም ትበልጫለሽ አሉ። እውነት ነው?" አሉኝ።

"እሞክራለሁ እትዬ።"

"እንግዲያው ነይና ተርጉሚልኝ።"

ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች ከተባለ ስሟ ይጠፋል። እኔ ደግሞ የማንም ልጅ አይደለሁም፤ አባቴ መሪጌታ ይባቤ ናቸው። ከከተማው ከፍ ብሎ ካለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ከየአገሩ ተማሪ የሚመጣላቸው ሰው። "አባዬ ቢሰሙስ?" አልኩ። እትዬ ዘውዲቱ ግን አስበውበት ነው የመጡት። በማድ ቤቱ በር ልገባ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን መጋረጃ ሊሰቀልልኝ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ በማይክ ልናገር። ሲያልቅ ሰው ከወጣ በኋላ ልወጣ። "ድምፅሽን ይሰማሉ እንጂ ፊትሽን አያዩም" አሉኝ።

እሺ ያልኩበትን ምክንያት ዛሬም ሳስበው አንድ ብቻ አይደለም። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ውጤቱ ያስጨንቃል። ከሁሉ በላይ ግን እንግሊዝኛ የምችለው ፈተና ላይ ብቻ ነበር። ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ማየት ፈለግሁ። ለአባዬ አክስቴ ቤት ጥልፍ ልማር ነው አልኳቸው። "በርቺ" አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ያ "በርቺ" ከጆሮዬ ሳይጠፋ ከረመ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መከራ ነበሩ። እኔ የሰማሁትን ነው የምተረጉመው። አንድ ቀን አክተሩ ጣራ ላይ ቁጭ ብሎ "ፈርቻለሁ" አለ፤ እኔም "ፈርቻለሁ አለ" አልኩ። አዳራሹ ተናወጠ።

"አክተር አይፈራም!"

"ጌታሁን ይምጣልን!"

"ልጅቷ አታውቅም!"

ከመጋረጃው ጀርባ እንባዬ መጣ። እትዬ ዘውዲቱ ግን ድንች የያዘ ሳህን አቀበሉኝና "ቀጥይ፤ የለመዱት ስላልሆነ ነው" አሉኝ። ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ ያው ሰው፣ አክተሩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ "ምን እያለ ነው?" ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ለካ ጌታሁን ባዶ እያደረገ ያለፋቸው ቦታዎች ነበሩ። ሰው ጡጫውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከጡጫው በፊት ያለውን ቃል ግን ሰምቶት አያውቅም።

ከተማው "ልጅቷ" እያለ ይጠራኝ ጀመር። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት ይላል፤ ሌላው ጤና ጣቢያ የተመደበችው የናዝሬቷ ነርስ ናት ይላል። እኔ ገበያ መሀል ጎመን እየመረጥኩ እሰማለሁ። አክተሩን በድምፁ የማታውቀው ሴት ላይ ሲስቁ የነበሩ ሰዎች እኔን በድምፄ አላወቁኝም። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ፍልሰታ ሲፈታ አንድ አዲስ ካሴት ከባሕር ዳር መጣ። የእትዬ ዘውዲቱ ወንድም ጋሽ ሙላት ሞጣ ላይ አዳራሽ ነበራቸውና ለገበያ ቀን ፊልሙንም ተርጓሚዋንም ይዛችሁ ኑ ብለው ላኩ። እኔና እትዬ ዘውዲቱ በሩን ዘግተን ጠዋት ፊልሙን ቀድመን አየነው። ሲያልቅ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

"ምነው? ሞተ እንዴ?" አሉኝ።

"አልሞተም። ጭንብሉን አወለቀ።"

"ለሴቲቱ?"

"ለሁሉም። ሕዝብ ፊት። ከዚያ ኃይሉም አልቆ እንደኛ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።"

እትዬ ዘውዲቱ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "የሞጣ ሰው ከሩቅ ቀበሌ ጭቃ እየረገጠ መጥቶ ይሄን አይቶ ይሄዳል? ወንድሜን አግዳሚ ይሰብሩበታል። ጥሩዬ፣ እንደ ጌታሁን አድርገሽ አሳምሪው። 'ኃይሌ ነገ ይመለሳል' አለ በያቸው።"

ትክክል አልመሰለኝም። ግን እሺ አልኩ። የሰው ግርግር ፈርቼ ነበር፤ ደግሞም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ማሳመር ቀላል ነው።

ለአባዬ ከአክስቴ ጋር ሞጣ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩና በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ የጠጠር ነው፤ ክረምት ደግሞ ጠጠሩን ጭቃ ይውጠዋል። ደብረ ወርቅን አልፈን ከጉንደ ወይን ሳንደርስ ጎማው ሰመጠ። ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ እኛ ሴቶቹ ጠርዝ ላይ ቆመን አንዲት እናት የሸጠችልንን የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እንገምጣለን። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ ሲነካው ሜዳው በሙሉ ይወዛወዛል። ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከነጠላዬ ሥር ይዤዋለሁ፤ ሞጣ እስክንገባም አላስቀመጥኩትም።

የጋሽ ሙላት አዳራሽ የብቸናውን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሰዉ ገበያውን ጨርሶ ከነጆንያው፣ ከነዶሮው ገብቷል። መጋረጃዬ ተሰቅሏል። ጀመርኩ። ያን ቀን እንደተረጎምኩት ተርጉሜ አላውቅም። አክተሩ ቀን ቀን ድልድይ ጠጋኝ ነው፤ በሌላው ጊዜ ጭንብል አጥልቆ የሚበር። ቦሱ ዕቅዱን እንደልማዱ ቁጭ ብሎ ነገረው፤ ሰዉ ሳቀ። በመጨረሻ ቦሱ ሰው የሞላበትን አውቶቡስ ድልድይ ላይ አስቁሞ ድልድዩን በጠሰው። አክተሩ በአንድ እጁ የብረቱን ገመድ ያዘ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ እጁን ወደ ጭንብሉ ሰደደ፣

መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑም ማይኩም ሞተ። በዚያ ጨለማ የነበረውን ጩኸት መግለጽ አልችልም። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ጮኹ። ጋሽ ሙላት ጥቂት ጠብቀው፣ መብራቱ እንደማይመጣ ሲያውቁ አግዳሚ ላይ ወጡ።

"ወገኖቼ፣ አክተሩ አሸነፈ፤ አልቋል። በሰላም ግቡ!"

"አንተ አይተኸዋል?" አለ አንድ ድምፅ።

"እሱማ... አላየሁትም።"

"ልጅቷ አይታዋለች! ልጅቷ ትንገረን!"

"ልጅቷ ትውጣ!"

አንዱ ተነሥቶ የመስኮቱን ጆንያ ገነጠለ፤ ሌላውም ሁለተኛውን። የከሰዓት ብርሃን ገብቶ አዳራሹን ሞላው። እትዬ ዘውዲቱ ክንዴን ያዙኝ። "ካልፈለግሽ አትውጪ። በጓሮ እናመልጣለን" አሉ በሹክሹክታ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው አክተሩን ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ትቶት ወደ ቤቱ ሊሄድ መሆኑ አላስችል አለኝ።

"ይቺ ናት?" አለች አንዲት ሴት። ያን ሁሉ ሳምንት ለጆሮ ስናገር ከርሜ ፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌዎች፣ የገበያ ቅርጫት የያዙ እናቶች፣ ነጭ ጋወን የለበሰች የጤና ባለሙያ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ደግሞ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የጠቀለለ ሰው። ዓይኑን አወቅሁት። ዲያቆን እንዳለው! አባዬ ዘንድ ሦስት ዓመት ቅኔ የተማረ፣ ቤታችን ገብቶ የበላ። እሱም አወቀኝ። ጋቢውን ወደ ላይ ሳበው።

መናገር ጀመርኩ። አክተሩ እጁን ወደ ጭንብሉ ሰደደ። አሳምሬ ልጨርሰው ያዘጋጀሁት ውሸት ምላሴ ላይ ነበር። ግን ፊቴን እያዩኝ ነው። እነዚያ ሰዎች ዓይን ውስጥ እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።

"አወለቀው" አልኩ። "ጭንብሉን አውልቆ ጣለው። ስሙን ነገራቸው። 'ድልድይ ጠጋኙ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ብቻዬን አልቻልኩም፤ ገመዱን ያዙልኝ' አላቸው። መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ያቺ የሚወዳት ሴት መጣች፤ ያዘች። ከኋላዋ ዳቦ ጋጋሪው፤ ከዚያ ሌሎቹ። ጎተቱት። አውቶቡሱ ዳነ። የእሱ ኃይል ግን እዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲያ አልበረረም። በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። እዚህ ላይ ያልቃል።"

ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ይሄ እንዴት ይሆናል! አክተር ሰው እርዱኝ አይልም!" ብሎ ተነሣ። ሌላውም "ልክ ነው!" አለ። አሁን አግዳሚው ሊሰበር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይኼኔ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል የተከሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ጎረምሳውን ዞረው አዩት።

"አንተ፣ ታዲያ ይሄ ደቦ አይደለም እንዴ? አንተስ አባትህ ሲታመም ማሳውን ብቻህን አረስከው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ በኋላ ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ ኃይሉን ባያጣ ይሻል ነበር አለ። የጤና ባለሙያዋ "ባያጣውማ ምን ከፈለ?" አለችው። መብራት እንደጠፋ ማንንም ትዝ አላለውም። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው፣

"የማን ልጅ ነሽ ልጄ?" አሉኝ።

ዲያቆን እንዳለውን አየሁት። ጋቢው ውስጥ ሆኖ ራሱን በጣም በቀስታ ይነቀንቃል፤ "አትናገሪ" ነው።

"ጥሩዬ እባላለሁ። የብቸናው የመሪጌታ ይባቤ ልጅ ነኝ" አልኩ።

ውጭ ስወጣ ዲያቆን እንዳለው ከግንብ ጀርባ ጠበቀኝ። ላብ አጥምቆታል። "ስሚ እህቴ፣ እኔም አላየሁሽ፣ አንቺም አላየሽኝ" አለ።

"ስሜን ተናገርኩ እኮ ዲያቆን።"

"የሞጣ ወሬ ብቸና እስኪደርስ ይበርዳል።"

ሳቄ መጣ። እሱ ግን ከልቡ ነበር። ያን ቀን እሱ እንደተጠቀለለ ወደ ቤቱ ገባ፤ አልፈርድበትም።

ጋሽ ሙላት ቤት አድረን በነጋታው ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ወሬው ሊበርድም ላይበርድም ይችላል። ከሰው አፍ ቢሰሙት ግን አባዬ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዱት። አውቶቡሱ ብቸና ሲገባ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ በቀጥታ ወደ ደብሩ ወጣሁ። አባዬ ከግቢው ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የአንድ ተማሪ ቅኔ ይሰማሉ። ተማሪውን አሰናብተው "ምነው? ጭቃ በጭቃ ሆነሻል" አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥልፉን፣ መጋረጃውን፣ ሞጣን። ስጨርስ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ የዋርካው ቅጠል ይንኮሻኮሻል።

"ፊልም ያልሽውን አላውቀውም" አሉ። "ክፉም ደግም አልለውም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ 'ጥልፉ እንዴት ነው?' ብዬ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት አምኜሽ ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ አባዬ" አልኩ። አለቀስኩ።

አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

"ያ ሰው ጭንብሉን ለምን አወለቀው አልሽኝ?"

"ብቻውን ስላልቻለ።"

"ሌሎቹስ አያወልቁም?"

"አያወልቁም አባዬ። ሕጉ አለማውለቅ ነው።"

ፈገግ አሉ። "ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው። ሦስት ብታደርጊው ጉባኤ ቃና አይደለም፤ መምህሩ ይመልስሻል። ግን በዚያው በሁለቱ ቤት ውስጥ ማንም ያልጠበቀውን ምሥጢር ካላመጣሽ ማን 'ይበል' ይልሻል? ቤቱን ያልጠበቀ ቅኔ አይባልም፤ ቤቱን ብቻ የጠበቀም አይባልም። ያ ፊልም ሠሪ ቤቱን ያውቃል። እስከ መጨረሻው ጠብቆት ጠብቆት ነው የፈታው። ገና ከመጀመሪያው ቢያወልቀው ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ይጮህ ነበር?"

"አይጮህም ነበር።"

"በይ። ከእንግዲህ የምትሠሪ ከሆነ በፊት ለፊቱ በር ግቢ። መጋረጃም አልፈልግም። ነገር ግን የጾም ቀን አይሆንም።"

ነገሩ እንዲህ ብሎ አላለቀም። ከደብሩ አለቆች አንዱ አባዬን "የመሪጌታ ልጅ ቪዲዮ ቤት ትለፍልፍ?" ብለው ወቀሷቸው። አባዬም "እኔ ከግእዝ እተረጉማለሁ፤ እሷ ከእንግሊዝኛ ትተረጉማለች። የቤታችን ሙያ ነው" ብለው መለሱ አሉ። ሐሜቱ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ሐሜት ሲመጣ ተረሳ። መስከረም ሲጠባ ሁለት ሴት ልጆች ከእናታቸው ጋር ገብተው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ አየሁ። በጥቅምት ውጤት መጣልኝና መምህርነት ልማር ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ይኸው ተመልሼ እስከ ዛሬ ብቸና ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የዚህን ዓይነት ፊልም ብዙ አይቻለሁ። ሕጉን የሚያፈርሱት በዝተዋል። ጀግናው ይሞታል፤ ቦሱ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ጀግና በራሱ ፊልም ላይ ያሾፋል። ማርታ "ይሄኛው ይለያል" እያለች ትጠራኛለች። እውነት የሚለዩ አሉ። ግን ለመታየት ብቻ ሕግ የሚሰብሩም አሉ፤ ከነዚያ ይልቅ እንደ ድሮው ወድቆ የሚነሣውን እመርጣለሁ። ሕጉ መጥፎ ነገር አይደለም። የጭቃ መንገድ ተጉዞ የመጣ ሰው፣ ክፉው እንደሚሸነፍ አስቀድሞ ማወቅ ቢፈልግ ምን ነውር አለው? ሕጉን መስበር የሚያምረው ለሚወዱት ሰው እውነቱን ለመንገር ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ይህን የተማርኩት ከፊልሙ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሁለቱም ቀን ተምሬዋለሁ፤ ከሞጣውም፣ ከዋርካው ሥሩም።

አባዬ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅኔውን ለተተኪ ትተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ማርታ ያየችውን ፊልም ሁሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታወራላቸዋለች። ገና ከመካከል ሳትደርስ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሟትና "ቆይ፣ መጨረሻውን እኔ ልንገርሽ" ይሏታል። ብዙ ጊዜ ያገኙታል። የሚደሰቱት ግን ሲስቱ ነው።